ምክትሉን ሳትመዝኑ ድምፅ አትስጡ፦ የአሜሪካ ምክትል ፕሬዝዳንት ዕጩ እንዴት ይገመገማል?

በየ4 ዓመቱ ጁላይና ኦገስት ላይ አሜሪካ ውስጥ አንድ ወሬ ሌላውን ሁሉ ይሸፍነዋል። ለፕሬዝዳንትነት የሚወዳደረው ሰው ማንን ምክትሉ አድርጎ ይዞ ይመጣል? ስሙን ሰምተነው የማናውቅ ሴናተር ወይም አገረ ገዥ በአንድ ቀን የሁሉም ሰው መነጋገሪያ ይሆናል። ቤተሰቡ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ከስንት ዓመት በፊት የተናገረው ነገር ሁሉ ይወጣል። ኖቬምበር ሲደርስ ግማሹ ሰው ምክትሉን ጭራሽ ረስቶታል። ሌላው ደግሞ «እሱን ስላመጣ ነው የምመርጠው» ወይም «እሷን ካመጣማ በቃኝ» ብሎ ወስኗል።

ሁለቱም አካሄድ አይጥመኝም። ምክትል ዕጩ ዋጋ አለው፤ ግን ዋጋው ያለው ብዙ ሰው በሚፈልግበት ቦታ ላይ አይደለም። ይሄን የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ ድምፅ ለምትሰጡ ወገኖቼ ነው፤ በተለይ ዜግነት ወስዳችሁ ለመጀመሪያ ወይም ለሁለተኛ ጊዜ ለምትመርጡ። አገር ቤት፣ አውሮፓ ወይም አረብ አገር ሆናችሁ የምትከታተሉም አብራችሁ አንብቡ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ወረቀቱን እወቁት

እኛ አገር ሕዝቡ በቀጥታ የሚመርጠው የምክር ቤት ተወካዩን ነው። ፕሬዝዳንቱን የሚሰይሙት ሁለቱ ምክር ቤቶች ናቸው፤ ሥልጣኑም ያለው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋ ነው። ስለዚህ ሁለት ሰው ተጣምሮ በአንድ መስመር ሲቀርብ ግር ይላል።

ቨርጂኒያ የሚኖሩ አንድ ጎረቤቴ አሉ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። የመጀመሪያ ምርጫቸው ሲደርስ የናሙናውን ወረቀት ይዘው ቤት መጡ። መነጽራቸውን አድርገው ጥንዶቹን ደጋግመው አዩና «ልጄ፣ ከዚህኛው ላይኛውን፣ ከዚያኛው ደግሞ ታችኛውን ባደርግስ?» አሉኝ። የአንዱን ፓርቲ ዋና፣ የሌላውን ፓርቲ ምክትል ማለታቸው ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ግን አይቻልም። ለሁለቱ ስም የሚጠቆረው ክብ አንድ ነው። ሁለት ቦታ ካጠቆራችሁ ለፕሬዝዳንት የሰጣችሁት ድምፅ አይቆጠርም።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። መጀመሪያ ላይ አንደኛ የወጣው ፕሬዝዳንት፣ ሁለተኛ የወጣው ምክትል ይሆን ነበር። በ1796 ጆን አዳምስ ሲያሸንፍ ተቀናቃኙ ቶማስ ጀፈርሰን ምክትሉ ሆነ። በ1800 ደግሞ ጀፈርሰንና የራሱ ወገን የሆነው አሮን በር እኩል 73 የወኪል መራጮች (በየግዛቱ የሚሰየሙና ፕሬዝዳንቱን በይፋ የሚመርጡ ሰዎች) ድምፅ አገኙና ነገሩ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ሄደ። ጀፈርሰን ያለፈው በ36ኛው ዙር ነው። ከዚያ መደናበር በኋላ በ1804 12ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ጸደቀ፤ ወኪል መራጮቹ ለሁለቱ ሥልጣን ለየብቻ ድምፅ እንዲሰጡ ተደረገ። ፓርቲዎችም ጥንድ ማቅረብ ለመዱ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልናገር። ወረቀቱን ለማንበብ የሚቸገር አባት ወይም እናት ካላችሁ፣ የፌዴራሉ ሕግ ራሳቸው የመረጡት ሰው አብሯቸው ገብቶ እንዲያግዛቸው ይፈቅዳል። አሠሪያቸው ወይም የሠራተኛ ማኅበራቸው ሰው መሆን ግን አይችልም። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ደግሞ የምርጫ መረጃ በአማርኛም ይወጣል፤ ጠይቁ።

«ግዛቱን ይዞ ይመጣል» ሲባል ቶሎ አትመኑ

ምርጫው የሚያልቀው ከ538 የወኪል መራጮች ድምፅ 270 ባገኘው ሰው ነው፤ ድምፁም የሚቆጠረው በየግዛቱ ነው። ስለዚህ ምክትል በተመረጠ ቁጥር «የትውልድ ግዛቱን ያስገኝለታል» የሚል ትንተና ይጎርፋል። ማስረጃው ግን ደካማ ነው።

ሁሉም የሚጠቅሰው 1960ን ነው። ጆን ኬኔዲ የማሳቹሴትስ ሰው ነው፣ ካቶሊክ ነው፤ ደቡቡ ያሰጋው ነበር። የቴክሳሱን ሊንደን ጆንሰንን ያዘ። ቴክሳስን ከ2 ሚሊዮን በላይ ድምፅ ውስጥ በ46 ሺህ ገደማ ብልጫ አሸነፈ፤ 24 የወኪል ድምፅ አገኘባት። እዚህ ላይ ጆንሰን ባይኖር ኖሮ ብሎ መከራከር ይቻላል።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ግን ተመልከቱ። በ1988 ማይክል ዱካኪስ በዚያው መንገድ ሄዶ የቴክሳሱን ሴናተር ሎይድ ቤንትሰንን ያዘ። ቤንትሰን ቴክሳስ ውስጥ ትልቅ ሰው ነበር፤ የዚያኑ ቀን ለሴኔት መቀመጫውም ተወዳድሮ አሸንፏል። ሕዝቡ በአንድ ወረቀት ላይ ቤንትሰንን ለሴኔት መርጦ፣ ለፕሬዝዳንት ደግሞ መኖሪያው ቴክሳስ የነበረውን ጆርጅ ቡሽን (አባትየውን) መረጠ። ምክትሉን መውደድና በምክትሉ ምክንያት ፓርቲ መቀየር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። በ2004 ጆን ኬሪ ከሰሜን ካሮላይና ጆን ኤድዋርድስን አመጣ፤ ሰሜን ካሮላይናን ተሸነፈ። በ2012 ሚት ሮምኒ ከዊስኮንሲን ፖል ራያንን አመጣ፤ ዊስኮንሲንን ተሸነፈ። የራያን የትውልድ ከተማ ጄንስቪል እንኳ ለኦባማ ነው ድምፅ የሰጠችው።

ብዙ ሐበሻ ያለባት ቨርጂኒያ በ2016 ሂላሪ ክሊንተንን መረጠች፤ ምክትሏ ደግሞ የቨርጂኒያው ቲም ኬይን ነበር። ግን ቨርጂኒያ በ2008ም በ2012ም ዲሞክራት ነው የመረጠችው። ሚኒሶታም እንደዚያው ናት። በ2024 ካማላ ሐሪስ አገረ ገዥዋን ቲም ዋልዝን ይዛ ሚኒሶታን ያሸነፈችው በ4 ነጥብ ገደማ ነው፤ ከ4 ዓመት በፊት ግን ጆ ባይደን የሚኒሶታ ሰው ሳይዝ በ7 ነጥብ አሸንፎባት ነበር። ያኔ «የፔንሲልቬንያውን አገረ ገዥ ጆሽ ሻፒሮን ብትይዝ ኖሮ ግዛቲቱንና 19 ድምፅዋን ታገኝ ነበር» ያለ ሰው ብዙ ነው። እኔ አልቀበለውም። 7ቱንም ወሳኝ የተባሉ ግዛቶች የተሸነፈ ዕጩን የአንዱ ግዛት ሰው አያድነውም።

ክሪስቶፈር ዴቪንና ካይል ኮፕኮ የሚባሉ ሁለት የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪዎች ይሄን ጉዳይ ለዓመታት አጥንተውታል። የደረሱበት ነገር ግልጽ ነው፦ በአማካይ ሲታይ ምክትሉ ከትውልድ ግዛቱ የሚያመጣው ጥቅም የለም ማለት ይቻላል። ለየት የሚለው ግዛቱ ትንሽ ሆኖ ሰውየው እዚያ ረጅም ዘመን ያገለገለ ሲሆን ነው። ባይደን በደላዌር እንደዚያ ነበር። ደላዌር ደግሞ ያላት 3 ድምፅ ነው፤ ያውም ቀድሞውንም ለዲሞክራቶች የምትሰጥ ናት።

ጎረቤታችን ኬንያም ይሄንኑ አሳይታለች። ኬንያ ከ2010ሩ ሕገ መንግሥት ወዲህ ጥንድ ዕጩ ነው የምትመርጠው። በ2022 ራይላ ኦዲንጋ የማውንት ኬንያን አካባቢ ድምፅ ፈልጎ የኪሪኛጋዋን ማርታ ካሩዋን ያዘ። ዊልያም ሩቶም ከዚያው አካባቢ ሪጋቲ ጋቻጓን ያዘ። አካባቢው በብዛት የሄደው ለሩቶ ነው፤ ምክንያቱም ሩቶ እዚያ ለዓመታት ሲመላለስ ነበር። ምክትል ያልተሠራን ሥራ አይሠራም።

ስለዚህ ይሄን ወሬ ስትሰሙ ግዛቱ ባለፉት 2 ወይም 3 ምርጫዎች ለማን እንደሰጠ ፈልጉ። 5 ደቂቃ አይፈጅም። መልሱን ካገኛችሁ በኋላ አብዛኛው ትንተና ራሱ ይወድቃል።

ምክትሉን አይታችሁ አለቃውን ፍረዱ

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። አንድ ዕጩ ሥልጣን ላይ ሳይወጣ በፊት በሕዝብ ፊት የሚወስደው ትልቁ ውሳኔ ምክትሉን መምረጡ ነው። ሌላው ሁሉ ቃል ነው፤ «እንዲህ አደርጋለሁ፣ እንዲያ አደርጋለሁ» ነው። ይሄ ግን የተሠራ ሥራ ነው። እነ ዴቪንም ያገኙት ይሄንኑ ነው፦ ምክትሉ መራጩን የሚነካው በቀጥታ ሳይሆን፣ ሰው ስለ ዋናው ዕጩ ያለውን ግምት በመለወጥ ነው።

የ1972ቱን ታሪክ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ጆርጅ ማክገቨርን የዲሞክራቶች ዕጩ ሆኖ ማያሚ ቢች ጉባኤ ላይ ተቀምጧል። የጠየቃቸው ትልልቅ ሰዎች አንድ በአንድ እምቢ አሉት። ሰዓቱ አለቀ። በመጨረሻ ለሚዙሪው ሴናተር ለቶማስ ኢግልተን ተደወለ፤ ጥያቄው በአጭር የስልክ ንግግር ተጠናቀቀ። «የምትደብቀው ነገር አለ?» ዓይነት ነው፤ የለም አለ። ከቀናት በኋላ ኢግልተን በድብርት ሕመም ሆስፒታል ገብቶ እንደነበርና በኤሌክትሪክ ንዝረት መታከሙ ወጣ። ማክገቨርን መጀመሪያ «1000 በመቶ ከጎኑ ነኝ» አለ። ብዙም ሳይቆይ ከዝርዝሩ አስወጣው። ኢግልተን ዕጩ ሆኖ የቆየው 18 ቀን ብቻ ነው።

ሰው የፈረደው በሕመሙ ብቻ አይመስለኝም። ኢግልተን በኋላም ሚዙሪ ውስጥ ለሴኔት ተመርጧል። መራጩ ያየው ማክገቨርንን ነው፦ ሳያጣራ የሚመርጥ፣ ቃል ገብቶ የሚያጥፍ። በምትኩ የመጣው ሳርጀንት ሽራይቨር ነበር፤ በዕድሜ ገፋ ያላችሁ የሰላም ጓድ መምህራንን ታስታውሳላችሁ፣ ከ1962 ጀምሮ ኢትዮጵያ እየመጡ ያስተማሩትን፤ የዚያ ድርጅት የመጀመሪያ ዳይሬክተር እሱ ነው። ጥሩ ሰው ነበር፤ ግን ጊዜው አልፏል። ማክገቨርን ያሸነፈው ማሳቹሴትስንና ዲሲን ብቻ ነው።

2008ም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ጆን ማኬይን 72 ዓመቱ ነበር፤ ቅስቀሳውም በሙሉ «ልምድ አለኝ፣ ኦባማ ገና ነው» የሚል ነበር። ከዚያ በብሔራዊ ደረጃ ብዙም የማትታወቀውን የአላስካ አገረ ገዥ ሴራ ፔሊንን አመጣ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የፓርቲው ሰው በደስታ ተነሣ፤ አዳራሾች ሞሉ። የቴሌቪዥን ቃለ መጠይቆቹ ሲመጡ ግን ነገሩ ተገለበጠ። በምርጫው ቀን ድምፅ ሰጥተው ሲወጡ ከተጠየቁት ሰዎች 60 በመቶው ለፕሬዝዳንትነት ብቁ አይደለችም አሉ። ማኬይንን ያሸነፈው በዋናነት የዚያ ዓመት የኢኮኖሚ ቀውስ ነው፤ እሷ ላይ ሁሉንም መጫን ልክ አይደለም። ግን «ልምድ» የሚለውን መከራከሪያውን በገዛ እጁ አሳጣው።

ኦባማ ደግሞ ተቃራኒውን አደረገ። ሴኔት ውስጥ 4 ዓመት ያልሞላው ሰው፣ ከ1973 ጀምሮ ሴኔት የነበረውን ባይደንን ያዘ። የሚጎድለውን አውቆ ሞላ። ትራምፕም በ2016 ማይክ ፔንስን ሲይዝ ያደረገው ይሄንኑ ነው፤ በእሱ የግል ሕይወት ለሚጠራጠሩ ወንጌላውያን ዋስትና ሰጣቸው። በ1992 ቢል ክሊንተን ይሄን ደንብ ጥሶ የጎረቤት ግዛት ሰው፣ የዕድሜ እኩያው የሆነውን አል ጎርን ያዘ፤ ያም መልእክት ነበረው፤ «አዲስ ትውልድ መጣ» ማለት ነበር። ሠርቶለታል።

እንግዲህ ምክትሉ ሲታወጅ ራሳችሁን ጠይቁ። ዋናው ዕጩ ምን ጎድሎት ነው ይሄን ሰው ያመጣው? በሚገባ ተጣርቷል ወይስ በጥድፊያ ነው የመጣው? ከዚህ ቀደም ሁለቱ ስለተለያዩበት ነገር አሁን ምን ይላሉ? ጄዲ ቫንስ በ2016 ትራምፕን አጥብቆ ይቃወም ነበር፤ በ2024 ምክትሉ ሆነ። በ1980 ጆርጅ ቡሽ የሬገንን የኢኮኖሚ ዕቅድ የጥንቆላ ኢኮኖሚ ብሎ አጣጥሎት ነበር፤ በዚያው ዓመት ምክትሉ ሆነ። ሰው ሐሳቡን መለወጥ ይችላል። እናንተ የምትፈልጉት ለምን እንደለወጠ በግልጽ ማስረዳቱን ነው። ካላስረዳ መዝግቡበት።

አንድ ጊዜ ወንበሩ ላይ አስቀምጡት

ከአሜሪካ ምክትል ፕሬዝዳንቶች 9ኙ በሥልጣን ዘመን መካከል ፕሬዝዳንት ሆነዋል፤ 8ቱ ፕሬዝዳንቱ ሞቶ ወይም ተገድሎ፣ 1ዱ ኒክሰን ሥልጣን ሲለቅ። በ1944 የፕሬዝዳንት ሮዝቬልት ጤና መዳከሙን የፓርቲው ሰዎች ያውቁ ነበር፤ ስለዚህ በምክትሉ በሄንሪ ዋላስ ቦታ ሃሪ ትሩማንን አስገቡ። ትሩማን በምክትልነት የቆየው 82 ቀን ነው። አቶሚክ ቦምብ እየተሠራ መሆኑ በዝርዝር የተነገረው ፕሬዝዳንት ከሆነ በኋላ ነው።

ለእኛ ግን ከዚህ የሚቀርብ ምሳሌ አለ። ጆንሰን የተያዘው ቴክሳስን ለማምጣት ነው ብለናል። በ1963 ኬኔዲ ተገደለና ጆንሰን ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። በ1965 ኦክቶበር 3 የነፃነት ሐውልት ሥር ሆኖ የፈረመው ሕግ በትውልድ አገር ኮታ ሰው የሚያስገባውን የድሮ ሥርዓት ሻረው። ያ ኮታ አውሮፓን ያስቀድም ነበር፤ ለአፍሪካ የሚቀረው እፍኝ አይሞላም። ዛሬ ወንድም፣ እህት፣ እናት፣ አባት የምናስመጣበት የቤተሰብ ማመልከቻ መሠረቱ ያ ሕግ ነው። በ1960 ድምፅ የሰጠ የቴክሳስ ሰው ይሄን አስቦ አልነበረም። ዲቪስ? ዲቪን የፈጠረውን የ1990 የኢሚግሬሽን ሕግ የፈረመው ያው ጆርጅ ቡሽ ነው። በሬገን ሥር 8 ዓመት ምክትል ሆኖ ነው ወደ ፕሬዝዳንትነቱ የደረሰው። እኔ ይሄን ካወቅሁ ወዲህ «ምክትል ምን ያደርጋል» የሚል ሰው ስሰማ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ዕድሜውንም ደምሩበት። ባይደን በ2021፣ ትራምፕም በ2025 ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ 78 ዓመታቸው ነበር። የዋናው ዕጩ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር በእናንተ ሚዛን ላይ የምክትሉ ክብደት መጨመር አለበት። 45 ዓመት ከሆነ ትንሽ ብትዘነጉት አይፈረድባችሁም፤ 78 ከሆነ ግን የምትመርጡት ሁለት ፕሬዝዳንት ነው ብላችሁ አስቡ።

ወንበሩ ላይ ሳይወጣም ቢሆን ምክትሉ አንድ ሥልጣን አለው። ሴኔቱ ድምፅ እኩል ሲከፈል የሚለየው እሱ ነው። ሐሪስ 33 ጊዜ ይሄን አድርጋለች፤ በታሪክ ከፍተኛው ቁጥር ነው። በ2022 ሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት የጤና መድን) ላይ ላሉ ሰዎች የኢንሱሊንን ወጪ በወር ከ35 ዶላር እንዳይበልጥ ያደረገው ሕግ ያለፈው በእሷ ድምፅ 51 ለ50 ነው። የስኳር ሕመም ያለባቸው እናትና አባት ያሏችሁ ታውቁታላችሁ። በ2025 ጁላይ ደግሞ ቫንስ በዚያው 51 ለ50 ትልቁን የትራምፕ የግብርና የወጪ ሕግ አሳለፈ። በዚያ ሕግ ውስጥ በጥሬ ገንዘብ ወደ ውጭ አገር በሚላክ ብር ላይ 1 በመቶ ቀረጥ አለ። ለእናቱ በየወሩ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ሄዶ የሚልክ ሰው ይነካዋል። አንዱን ልትወዱት፣ ሌላውን ልትጠሉት ትችላላችሁ። ሁለቱም ግን ከምክትል ፕሬዝዳንት እጅ የወጡ ናቸው።

ክርክሩን ስታዩ

የምክትሎቹ ክርክር ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ጥሩ መዝናኛም ነው፤ ግን ምርጫ ሲቀይር አላየንም። በ1988 ኦክቶበር 5 ኦማሃ ነብራስካ ላይ የ41 ዓመቱ የቡሽ ምክትል ዕጩ ዳን ኩዌል ልምዱ ከጆን (በቁልምጫ ጃክ) ኬኔዲ ጋር እንደሚመጣጠን ተናገረ። ቤንትሰን ዞር ብሎ አየውና «ሴናተር፣ ከጃክ ኬኔዲ ጋር ሠርቻለሁ። ጃክ ኬኔዲን አውቀዋለሁ። ወዳጄ ነበር። ሴናተር፣ አንተ ጃክ ኬኔዲ አይደለህም» አለው። አዳራሹ ተናወጠ። ኩዌል ፊቱ ተለወጠ። እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ንግግር ነው። ከ5 ሳምንት በኋላ ግን ቡሽና ኩዌል 40 ግዛት አሸነፉ። በ2008 የባይደንና የፔሊንን ክርክር 70 ሚሊዮን ገደማ ሰው አየው፤ ከዋናዎቹ ዕጩዎች ክርክሮች ሁሉ ይበልጣል። እሱም ቢሆን ውጤቱን አልለወጠም።

ስለዚህ ማን አሸነፈ የሚለውን ተዉት። እኔ የምመክረው አንድ ጥያቄ ብቻ ይዛችሁ እንድትቀመጡ ነው፦ ሰውየው በአለቃው ስህተት ሲጠየቅ ምን ያደርጋል? በ2024 ኦክቶበር 1 ዋልዝ ቫንስን «ትራምፕ የ2020ን ምርጫ ተሸንፏል?» ብሎ ጠየቀው፤ ቫንስ ትኩረቴ ወደፊቱ ላይ ነው ብሎ አለፈው። ዋልዝም በዚያው ምሽት በ1989ኙ የቻይና ተቃውሞ ጊዜ እዚያ አካባቢ ነበርኩ ስላለው ነገር ተጠይቆ በመጀመሪያ ተንተባተበ፤ ሲገፋ ነው ተሳስቼ ነው ያለው። እንዲህ ያሉ ሁለት ደቂቃዎች ከ90 ደቂቃው ሁሉ የበለጠ ይናገራሉ። ይሄ ነገር ቀልድ አለመሆኑን ደግሞ 2021 ጃንዋሪ 6 አሳይቶናል። ያን ቀን ፔንስ የወኪል ድምፅ ቆጠራውን ይመራ ነበር፤ አለቃው ውጤቱን እንዲያግደው ገፋው፤ ሥልጣኑ የለኝም አለ። አለቃውን እምቢ ማለት የሚችል ሰው መሆን አለመሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው።

ከቻላችሁ የሙሉ ክርክሩን ጽሑፍ በማግስቱ አንብቡ። ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ የሚዞረው የተቆራረጠ ነው፤ በአማርኛ የሚተረጎመውም ብዙ ጊዜ የተርጓሚው ስሜት ተጨምሮበት ነው።

«የኛ ሰው ነው» የሚለው ስሜት

ይሄ በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ብርቱ ነው፤ ስሜቱንም አላጣጥልም። ሐሪስ በ2020 ስትመረጥ ሴት ልጆቻቸውን ቴሌቪዥን ፊት ያስቀመጡ ወላጆች ነበሩ። የስደተኛ ልጅ፣ ጥቁር ሴት፣ ያን ያህል ከፍ ስትል ማየት ደስ ይላል። ገንዘብም ያንቀሳቅሳል፤ ባይደን ስሟን ካሳወቀ በኋላ በ2 ቀን ውስጥ 48 ሚሊዮን ዶላር ተሰበሰበ። ቀድሞም ፓርቲውን የሚወድን ሰው ከቤቱ ያስወጣል፣ በር ለበር ያስኬደዋል።

ሌላውን ወገን ግን አያሻግርም። በ1984 ዋልተር ሞንዴል ጄራልዲን ፌራሮን ይዞ ታሪክ ሠራ፤ በትልቅ ፓርቲ ለምክትልነት የቀረበች የመጀመሪያ ሴት ነበረች። ሞንዴል 49 ግዛት ተሸነፈ። የሴቶቹንም ድምፅ የበለጠ ያገኘው ሬገን ነው። ሴቶቹ በኢኮኖሚው፣ በቤታቸው ኑሮ ነው የወሰኑት።

እኛ ጋ ደግሞ የሚመጣው ጥያቄ «ስለ ኢትዮጵያ ምን አለ?» ነው። መጠየቁ ትክክል ነው፤ አገራችን ናት። ግን ምክትሉን በዚህ ብቻ አትመዝኑት። የውጭ ፖሊሲን የሚወስነው ፕሬዝዳንቱ ነው፤ ምክትሉ የተሰጠውን መልእክት ይዞ ይሄዳል። ሐሪስ በ2023 ጋና፣ ታንዛኒያና ዛምቢያ ሄዳለች፤ የሄደችው የባይደንን ፖሊሲ ይዛ ነው። አንድ ምክትል ዕጩ ድሮ ሴናተር ሳለ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈው ደብዳቤ ከተገኘ አንብቡት፤ ከዋናው ዕጩ አቋም ጋር አስተያዩት። የማይገጥም ከሆነ የሚጸናው የዋናው ነው።

ሁሉንም ስታዋህዱ

እኔ የምሄድበት ቅደም ተከተል ይሄ ነው። መጀመሪያ ምክትሎቹን ወደ ጎን አድርጌ በሁለቱ ዋና ዕጩዎች ላይ ብቻ እወስናለሁ። ልዩነታቸው ሰፊ ከሆነ እዚያው ያልቃል። ካልሰፋ፣ ምክትሎቹን አምጥቼ ከላይ ያልኳቸውን ሁለት ነገሮች አያለሁ፦ ምርጫው ስለ አለቃው ምን ነገረኝ፣ ይሄ ሰው ነገ ጠዋት ወንበሩ ላይ ቢቀመጥ እተኛለሁ ወይ? የትውልድ ግዛት፣ የክርክር ቀልድ፣ የጉባኤው ንግግር አይገቡበትም። ምክትሉ በታወጀ በመጀመሪያው ሳምንት ደግሞ አልወስንም፤ ያ ሳምንት የጭብጨባ ሳምንት ነው። ኢግልተንም ፔሊንም በመጀመሪያው ሳምንት ጥሩ ነበሩ።

የመጨረሻ ነገር፣ ወረቀቱ ላይ ወደ ታች ስትወርዱ። የአገረ ገዥ ምርጫ በየግዛቱ ይለያል፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይምታታበታል። ሜሪላንድና ሚኒሶታ ላይ አገረ ገዥውና ምክትሉ እንደ ፕሬዝዳንቱ ጥንድ ሆነው በአንድ ክብ ነው የሚመረጡት። ቨርጂኒያ፣ ቴክሳስ፣ ጆርጂያ፣ ኔቫዳና ዋሽንግተን ግዛት ላይ ግን ለየብቻ ናቸው፤ ሁለት ቦታ ታጠቁራላችሁ፣ የአንዱን ፓርቲ ገዥና የሌላውን ፓርቲ ምክትል መምረጥም ትችላላችሁ። የናሙናውን ወረቀት ከካውንቲያችሁ የምርጫ ቢሮ ድረ ገጽ ላይ አስቀድማችሁ አውርዱና ቤት ቁጭ ብላችሁ እዩት፤ ለሰልፉ ቀን አትተዉት።